ግድግዳ ላይ የሸበተው ልጅ

ሰፈሩ ሁሉ «ቡሩሽ» ይለዋል። ዕድሜውን የፈጀው የሱቅ ታፔላ ሲጽፍና የሰው ግድግዳ ሲቀባ ነው። ደህና ሥራ አገኘሁ ያለው አንዴ ብቻ ነው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የጥንቱን ዓለም ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን እንዲስል የታዘዘ ጊዜ። ሶቅራጥስን፣ ኮንፊሽየስን፣ ቡድሃን ከመጽሐፍ እያየ ሳላቸው። ዞራስተር ላይ ሲደርስ ግን ነገር ተበላሸ። መጽሐፉ ስለዚህ የጥንት ፋርስ መምህር ሦስት ገጽ ሙሉ ያወራል፤ ሥዕል ግን የለውም።

ያኔ ታናሽ ወንድሙ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ወንዝ ወሰደው። ዕድሜ ልኩን የተነሣው ፎቶ አንድ ነው፤ የሥራ መታወቂያው ላይ የተለጠፈው። እሱም ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ሄደ። ቡሩሽ ለማንም ሳይተነፍስ የወንድሙን ዐይኖችና ወደ ግራ ያዘነበለ አፍንጫውን ለዞራስተር ሰጠው። መምህር ያለ ሽበት አያምርበትም ብሎ ደግሞ ጺሙን አነጣው፣ ግንባሩን አጨማደደው። ማጭበርበር ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ነው።

ለእናቱ እንኳ አልነገራትም። ሥራህን ልይልህ ብላ መጥታ ሶቅራጥስን ዞር ብላ ሳታየው አለፈችው። ዞራስተር ፊት ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ እዚያችው ወንበር ላይ ናት። ማንበብ አትችልም፤ ለማስመሰል መጽሐፍ ትገልጣለች፣ አንዳንዴም ዘቅዝቃ ትይዘዋለች። አንባቢዎቹ በሆዳቸው ይስቃሉ። እናትና ልጅ ስለ ሥዕሉ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም።

ዘንድሮ ለቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ኃላፊ መጣች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የተማረች ናት፣ ጣጣው እሱ ነው። ቡሩሽን አስጠርታ ሌሎቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ ናቸውና ይቆዩ፣ ዞራስተር ግን ይጥፋ አለችው። የሰውዬውን እውነተኛ መልክ የሚያውቅ የለም፤ ተማሪዎች ደግሞ ይሄ ነው እያሉ ደብተራቸው ላይ ይስሉታል።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ይሄን ፊት ከየት አምጥተው ነው?» ስትል ጠየቀችው።

ምናለ ያኔ አፉን ቢከፍት። ወንድሜ ነው፣ እናቴ ሌላ ማያ የላትም ቢላት ምናልባት ታዝንለት ነበር። እሱ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያታልል ኖረ እንዳይባል ፈራ። «ከራሴ ነው» አላት። አንተው አጥፋው ስትለውም እሺ አለ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገም። ሰኞ ጧት ነጭ ቀለም በጥብጦ ሁለቴ ደራርቦ ቀባው። ዐይኖቹን ለመጨረሻ አስቀራቸው፣ ከዚያ እነሱንም ሸፈናቸው።

እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነበረው። በሩን ዘግቶ ወንድሙን ጣውላ ላይ ሳለው፤ ያለ ጺም፣ ያለ ሽበት፣ ልክ እንደነበረው። ቁርጥ እሱን ሆነለት። ሐሙስ እናቱ ሻርፗን ደርባ ልትወጣ ስትል የሆነውን ነገራትና ጣውላውን ጭኗ ላይ አኖረላት።

ብዙ አየችው። ከዚያ ጣውላውን ቀስ አድርጋ መለሰችለት።

«ይሄንንማ አልቅሼ ጨርሼዋለሁ» አለችው። «እዛ ያለው አድጎልኝ፣ ሸብቶልኝ ነበር።»

«እማ፣ እኔ እኮ...»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸው ነበር።»

እሱ ያፈረበትን እሷ ሳታፍር ትለው ነበር። እናቱ ሻርፗን አጣጥፋ አስቀመጠችና ፊቷን አዙራ ተጋደመች።

ቡሩሽ ከግድግዳው የተረፈውን ነጭ ቀለም አመጣ። ጣውላው ላይ ላለው ወንድሙ ጺም ሊያበቅልለት፣ ግንባሩን ሊያጨማድድለት ሞከረ። ያኔ እንዴት አድርጎ እንዳስረጀው ጠፍቶታል። ደጋግሞ ጠረገው፣ ደጋግሞ ሳለው፤ ልጁ ነጭ ቀለም የተረጨበት የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ቀረ።

እናቱ እንደተጋደመች፣ ሳትዞር፣ «ሸበተ?» አለችው።

«ገና ነው፣ እማ» አላት።