የወንድሜ ራስ ልክ

እናቴ ወንዶች ለሶላት የሚያደርጉትን ጥልፍ ኮፊያ እየሰፋች ነው ያሳደገችን። መጻፍ ስለማትችል ልክ ስትወስድ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ክር በደንበኛው ራስ ዙሪያ ታዞርና ትቋጥርበታለች፤ ከዚያ የራሱን ቅርፅ ትነግረኛለች። ሞላላ፣ ድቡልቡል፣ አናቱ የሾለ፣ ግንባሩ የገፋ፣ ማጅራቱ ጠፍጣፋ። ክር ስፋቱን እንጂ ቅርፁን አይዝም ትል ነበር። ከቢዮ አዋሌ ድረስ የሚመጡላት ደንበኞች ነበሩ።

የታላቅ ወንድሜ ራስ ድቡልቡል ነበር። በሰፈሩ እንደሱ ያማረ ራስ የለም ትላለች፤ አዲስ ጥልፍ የምትሞክረውም እሱ ላይ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዕቃ ሲያወርድ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሱት። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ወሬው ጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በወታደር መኪና አምጥተው በራችን ላይ አወረዱት። ከግራ ጆሮው በላይ የራስ ቅሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሲናገር ቃል ይጠፋዋል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያዞረዋል፣ አንዳንዴም እያንዘፈዘፈ ይጥለዋል። ሊጠይቁት የመጡ ጎረቤቶች እሱን ላለማየት መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን የድሮ ኮፊያውን ብታደርግለት በግራ በኩል ተንሸራቶ ወደቀ። በርጩማ ላይ አስቀመጠችውና ክሯን አነሳች።

ደብተሩን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክሩን አዞረች፣ ፈታች፣ እንደገና አዞረች። ጣቷ የተሰረጎደው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ብዬ ልጻፍ እማ?» አልኳት።

የመለሰልኝ ወንድሜ ነው። ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ጥርት አድርጎ ሲናገር አልሰማሁትም ነበር።

«የተሰበረ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩት። እናቴ ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀችኝም። በግራ በኩል ከውስጥ ጥጥ የሞላችበት ኮፊያ ሰፋችለት፤ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። እሱን አድርጎ ጁምዓ የሰገደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚያንዘፈዝፈው በሽታ ጣለው። ሰው ሲደርስለት አልፏል።

ሞቱን ለማስመዝገብ እናቴን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው መዝግቦ ሲጨርስ፣ ቤት ውስጥ የመንግሥት ልብስ ካለ እንድትመልስ ነገራት። የወታደር ሸሚዙን አጥባ ተኮሰችው፤ ከቀበቶው ጋር በጨርቅ ጠቅልላ በማግስቱ ወሰደችለት። ጸሐፊው ጥቅሉን ሳይፈታ ወንበሩ ሥር ወረወረው።