በመካከላችን አሉ

ኂሩት ቪንተርቱር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ታጥቦ ከጀርም በሚጸዳበት ክፍል ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። መቀሱ ከመቀሱ፣ መቆንጠጫው ከመቆንጠጫው ጋር ካልተሰለፈ እረፍት የማታገኝ ሴት ናት። ጠዋት ረገንስዶርፍ ካለው ቤቷ በባቡር ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ባልም ልጅም የላትም፤ ዘመዶቿ እሑድ እሑድ ዙሪክ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰቡት ምእመናን ናቸው። የመዝሙሩን ግጥም በአማርኛ ተይባ ግድግዳው ላይ የምታሳየው እሷ ናት።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ጉባኤው ፕሮግራሙን ከቤት መውጣት ላቃታቸው ሰዎች በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። አሮጌው ኮምፒውተር ይህን አልቻለም፤ መዝሙር መሐል ቀጥ ይላል። ኂሩት የጎኑን ክዳን ፈትታ በውስጡ ያለችውን፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝባትን አንዲት ቀጭን ሚሞሪ አወጣች፣ ጽሑፏን በስልኳ ፎቶ አንስታ ወደ ሱቅ ወሰደችው።

"ዲዲአር አራት የሚባለው ዓይነት ነው" አላት ሻጩ። "ሦስትም አምስትም አይገባበትም። አጭሩም የላፕቶፕ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ፍጥነታቸው እኩል የሆነ፣ አብረው የታሸጉ ሁለት መግዛት ነው። የማይተዋወቁትን ስታጣምሪ አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ ይጣላሉ።"

እጁ ላይ ስላልነበረው አዘዘላት። የሚደርሰው ግን ከበዓሉ በኋላ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዋን ዲቦራን ልትጠይቅ ጄኔቭ ሄደች። ሁለቱ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ በአሮጌ ዕቃ ገበያው መሐል ሲንሸራሸሩ፣ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ባነጠፈው ሸራ ላይ ከማንኪያና ከፎቶ ፍሬም ጋር የተቀላቀለች ሚሞሪ አየች። ስልኳን አውጥታ አስተያየች። ዲዲአር አራት ናት፤ መሐሏ ላይ ያለው የመግጠሚያ ቁርጥም በቦታው ነው። የፋብሪካው ስምና የፍጥነቱ ቁጥር ግን ይለያያል።

"ይሄ ሁሉ ዕቃ የአንድ ቤት ነው ይላል" ብላ ዲቦራ ከፈረንሳይኛ ተረጎመችላት። "የቤቱ ሰዎች በሙሉ አልቀው፣ ቤቱ ሲጸዳ የወጣ።"

ኂሩት ትንሽ አመነታች። ግን በዓል ደርሷል፤ ገዛቻት።

ሚሞሪዋ ከቀድሞዋ ጎን ቀጭ ብላ ገባች። ኮምፒውተሩም እንደ አዲስ ፈጠነ። ኂሩት ለፋሲካ መዝሙሩን ተየበች፤ የመጨረሻው ስንኝ "ድንጋዩ ተንከባሎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በመካከላችን አለ" የሚል ነበር። በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሕዝቡ እጁን አንስቶ ሲዘምር፣ ግድግዳው ላይ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"በመካከላችን አሉ።"

ግማሹ ሰው እንደለመደው ዘመረ፤ ግማሹ ያየውን አነበበ። ድምፁ ተደባልቆ ተሰበረና ቀስ በቀስ ጸጥታ ወረደ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከፊተኛው ረድፍ እትዬ ብፅዓት፣ እኚያ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ አሮጊት፣ ብድግ ብለው "አዎ!" ሲሉ ተሰሙ። "አዎ፣ አሉ!"

ሰው ተበትኖ ካለቀ በኋላ ኂሩት ብቻዋን ቀረች። ስሕተቱ የራሷ መስሏት "ሉ"ን አጥፍታ "ለ" ጻፈች፣ አስቀመጠች፣ ዘግታ ከፈተች። "አሉ" ይላል። እንደገና አረመች። አሁንም "አሉ"። የፀሐዩ ብርሃን ከባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ቀስ እያለ ሲሸሽ ዞር ብላ ማየት አልደፈረችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ሌላ መዝሙር ነበር። "አጠገባችን ቆመ" ብላ የጻፈችው "አጠገባችን ቆሙ" ሆኖ ወጣ። አሁን ሰው ጎረቤቱን እያየ መንሾካሾክ ጀመረ። ፓስተር አስፋ ከስብከቱ በኋላ ጠርተው "እህቴ፣ ይሄን ዕቃ ከየት ነው ያመጣሽው?" አሏት። የሽማግሌውን ነገር ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "እንጸልይበት" አሉ። ከዚያ ቆም ብለው "ባለሙያም ይየው" ብለው ጨመሩ።

ባለሙያው ጎረቤቷ ሙጃሂድ ነበር፤ ኮምፒውተር መጠገን እንጀራው ነው። ማሽኑን ቤቱ ወስዶ ሚሞሪውን የሚፈትሽ ፕሮግራም ከፈተበት። ጥቂት እንደቆየ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ላይ ይደረደር ጀመር።

"አየሽ" አላት፣ "ያቺ የገበያዋ ታማለች። የሆነ ቦታዋ ላይ ዜሮ ስትሰጫት አንድ አድርጋ ትመልሳለች። ፊደል ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ በተራ ቁጥር ነው የሚቀመጠው፤ ከ'ለ' ቀጥሎ 'ሉ'፣ ከ'መ' ቀጥሎ 'ሙ'። አንዲት ዜሮ ስትገለበጥ ግዕዙ ካዕብ ይሆናል።"

"አንዱ ብዙ ይሆናል በለኛ።"

"እንደዚያ በይው።"

"ግን ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ለምን እነዚያ ቃላት ላይ?"

ሙጃሂድ ራሱን አከከ። "ሌላም ቦታ አበላሽታ ይሆናል፤ ሥዕል ላይ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማን ያያል? ለምን እነዚያ ቃላት ላይ እንዳረፈች ግን ማሽኑ አይነግረንም፣ ኂሩት።"

ከሱቁ የታዘዙት መንትያዎቹ ሚሞሪዎች ደርሰው ስለነበር ሁለቱን አሮጌዎች አውጥቶ እነሱን ተከላቸው። ፈተሸ፤ አንድም ቀይ መስመር አልታየም። ኂሩት "አለ" ብላ ጻፈች፤ "አለ" ሆኖ ቀረ። ትልቅ ሸክም የወረደላት መሰላት።

አንድ ነገር ግን ቀርቷታል። የእትዬ ብፅዓት ባል አቶ ወዳጄና ልጃቸው ዳዊ በስደት ሲመጡ ባሕር ላይ እንደቀሩ ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። አስከሬን አልተገኘም፣ ተቀበሩ የተባለ የለም። አሮጊቷ ያን "አሉ" እንደ መልእክት ይዘውት ቢሆንስ? ኂሩት እውነቱን ልትነግራቸው ቤታቸው ሄደች።

"እትዬ፣ ፊደሉን የለወጠው ማሽኑ ነው። ተበላሽቶ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እትዬ ብፅዓት ፈገግ አሉ። "ፓስተሩ ነግረውኛል፣ ልጄ። ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል?"

"እንዳያዝኑ ብዬ ነው።"

"ለምን አዝናለሁ? ጽሑፉ አዲስ ነገር አልነገረኝም። እኔ አጠገቤ ሁለት ወንበር ስይዝላቸው ስንት ጊዜዬ ነው። ያን ዕለት የተነሳሁት እናንተም ያያችኋቸው መስሎኝ ነው።"

ኂሩት ተነስታ ጉንጫቸውን ስማ ተሰናበተቻቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ሕፃናት በጸሎት የሚባረኩበት ቀን ስለነበር ከሌላ ከተማ ሳይቀር እንግዳ መጣ። ወንበር አልቆ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ኂሩት ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆና ስታይ፣ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ተሻገር የሚባል፣ ከዚያ በፊት እዚያ ረግጦ የማያውቅ ጎልማሳ ወደ ፊት ሄደ፣ እትዬ ብፅዓት አጠገብ ካሉት ሁለት ባዶ ወንበሮች ፊት ሲደርስ ቆም አለና አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። ከዚያ ተመልሶ ከቆሙት ጋር ቆመ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ነበር።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ኂሩት በር ላይ ጠበቀችው።

"ወንድሜ፣ ወንበር እያለ ለምን ቆምክ?"

ተሻገር ግራ ገባው። "የት ነበረ?"

"ፊት፣ እትዬ አጠገብ።"

"እዚያማ ሰው ነበረበት፣ እህቴ" አለ፤ ከትከሻዋ የወደቀውን ነጠላዋን አንስቶ እያቀበላት።

ኂሩት ዛሬም እሑድ እሑድ ግጥሙን ታሳያለች። ወንበሮቹን ሲሰበስቡ ትረዳለች፤ እነዚያን ሁለቱን ግን፣ እትዬ ብፅዓት ተነስተው ከበሩ እስኪወጡ ድረስ፣ አትነካቸውም።