የኔቪል ሞተርና የባሲል ሽኝት

በሙይዘንበርግ ባሕር ኔቪል ጃንቺስን የሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከጀርባው ነው። ሌላው ሕዝብ ሞገድ ሊጋልብ ሰሌዳው ላይ ተኝቶ ጨው እየተጋተ፣ በእጁ እየቀዘፈ ሲታገል፣ እሱ የሞተሩን ሪሞት ጨብጦ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥሎት ይሄዳል። አጭሯ ሰሌዳው ከሥሯ ረጅም ዘንግና እንደ ቢላ የሰላ ክንፍ፣ ከክንፉም አጠገብ ትንሽ ሞተር አላት፤ ፍጥነት ስታገኝ ከውሃው ብድግ ብላ በአየር ትሄዳለች። ሞገዱ ላይ ሲወጣ ሞተሩን ያጠፋና «አያችሁ፣ ይኼ የጉልበት ግልቢያ ነው» ይላል። እዚያ ያደረሰው የማን ጉልበት እንደሆነ መጠየቅ ክልክል ነው።

ሥራው የወለል ሴራሚክ ንግድ ነው። ሰሌዳዋን የገዛት ትከሻዬን አሞኛል ብሎ ነው። ይኼ ጉደኛ ትከሻ ግን ፍም ላይ ሥጋ ሲያገላብጥ አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶበት አያውቅም። ገዝቶ ሲያበቃ አሮጌዎቹን ረጃጅም ሰሌዳዎች «ለሽማግሌ ይሁኑ» ብሎ አንድም ሳያስቀር ሸጠ። እሱ ራሱ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው።

ባልንጀራው ባሲል ፎርቱይን ለጀማሪዎች የስፖንጅ ሰሌዳ እያከራየ ግልቢያ ያስተምር ነበር። ኔቪል «የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ» ይለዋል። ባሲልም አይተኛለትም፤ «አንተ ደግሞ የአሮጌ ፍሪጅ ድምፅ ይዘህ ዓሣውን አስኮበለልከው» ይለዋል። በአፓርታይድ ሕግ ሙይዘንበርግ ለነጭ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ነጭ ላልሆነው በተተወው በስትራንድፎንቴይን ዳርቻ በአንዲት ስንጥቅ ሰሌዳ እየተፈራረቁ ግልቢያ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ መሰዳደብ መብታቸው ነው።

ባሲል ልቡ ቀጥ ብላ ድንገት ሞተ። የሞገድ ሰው ሲሞት ወዳጆቹ በየሰሌዳቸው ከሞገዱ ባሻገር ይወጡና እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ፤ አንድ ሰው ይናገራል፤ የተቃጠለው አስከሬኑ አመድ ውሃው ላይ ይበተናል። ሚስቱ ሜርል ኔቪልን ጠርታ «ከሱ ጋር የጀመርከው አንተ ነህ፤ የምትናገርለትም አንተ ነህ» አለችው። ኔቪል ሱቁ ውስጥ ከሴራሚኩ ክምር ጀርባ ተደብቆ አለቀሰ። ንግግሩንም በቃሉ እስኪይዘው አጠናው። ከልቡ ነበር የሚወደው፤ ይኼን መካድ አይቻልም።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ዳርቻው ላይ ተሰብስቦ ሳለ ኔቪል ባለሞተር ሰሌዳውን ታቅፎ ከተፍ አለ።

«በዚህ ነው የምትመጣው?» አለች ሜርል።

«ሌላ መች አለኝ? ደግሞ አታስቢ፣ ከሁላችሁም ቀድሜ እደርሳለሁ።»

ደረሰም። ችግሩ መድረሱ አልነበረም፤ መቆሙ ነበር። ያቺ ሰሌዳ የምትሸከመው ስትሄድ ብቻ ነው፤ ስትቆም እስከ ደረቱ ይዛው ትሰምጣለች። ሌሎቹ መጥተው ቀለበቱን ሲሠሩ ሊጠጋ ሞከረ።

«ኔቪል፣ እባክህ ያንን ቢላህን ከእግራችን አርቅልን» አለው አንዱ።

እናም የባሲል የልብ ወዳጅ ቀለበቱን በውጭ እንደ ዝንብ ይዞረው ጀመር። መናገሩን ግን አልተወም። «ባሲል ማለት...» ይልና ያልፋል። ዞሮ ሲመጣ «...ፈጽሞ የማይቸኩል...» ብሎ ደግሞ ያልፋል። ሐዘንተኛው ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያፍናል።

«ኔቪል» አለች ሜርል፣ «ወይ ቁም፣ ወይ ዝም በል። ባሌን የምሸኘው አንዴ ነው።»

ኔቪል አንገቱን ደፍቶ ወደ ዳርቻው ተመለሰ። በባሲል መደርደሪያ ላይ የቀረችው አንዲት ሮዝ የስፖንጅ ሰሌዳ ብቻ ነበረች፣ የሕፃናት ማቆያው ንብረት። ተኛባትና በእጁ ይቀዝፍ ጀመር። የመጀመሪያው ሞገድ አሸዋው ላይ መለሰው፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ትከሻው ይኼኔ የምሩን ታመመ። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ተነሥቶ ቀለበቱን የያዙት ሰዎች ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። «እንቀጥል» ያለም ነበረ፤ ሜርል ግን በጎኗ ያለውን ክፍት ቦታ አላስዘጋችም።

ሲደርስ ትንፋሽ አልነበረውም። እጇን ያዘ፤ ያጠናው ንግግር ግን ድራሹ ጠፍቶበታል።

«ተናገር እንጂ» አለችው።

«ደከመኝ፣ ባሲል» አለ ውሃውን እያየ። ከዚያ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሜርል የአመዱን ቆርቆሮ ከፈተች።

«ሮዟ ላይ ተኝተህ ሳያይህ መሞቱ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ» አለች።