ወደ ታች የወረደው ማስጠንቀቂያ

በመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ለእናቱ። የአሶሳው ቢሮ አልበቃ ብሎ፣ በየወረዳው ያሉ ትምህርት ቤቶች ማሽን ሲበላሽባቸው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። መምጣታቸውስ ባልከፋ። ግን ሁሉም ሰላምታውን በወጉ ከጨረሰ በኋላ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «አልሠራ አለኝ።» ምኑ? «እሱ ነዋ!» አንዱ ከባምባሲ ሲፒዩውን እንደ ሕፃን ታቅፎ በሚኒባስ መጣ። እኔ ዘንድ ስሰካው ያለ አንዳች ችግር ተነሣ። የተበላሸው እዚያ ትቶት የመጣው ገመድ ነበር። ደሜ ፈላ።

እንዲህ በተማረርኩበት ሰሞን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የኮምፒውተር ችግር ለሚገጥማቸው ሠራተኞች የእገዛ ድረ ገጽ ተዘጋጅቷል፣ ዲዛይኑንና ጠቀሜታውን ገምግመህ ላክ ይላል። ተገላገልኩ አልኩ። ሰው ችግሩን ከዚያ አንብቦ ይፈታል፤ እኔም ምሳዬን ቁጭ ብዬ እበላለሁ።

ቢሮዬ ባለው ትልቁ ስክሪን ከፈትኩት። አምሮበታል። መሀሉ ላይ መመሪያው በተራ በተራ ተደርድሯል፤ በስተቀኝ በቀይ ሳጥን ማስጠንቀቂያ አለ። ፍለጋው ላይ «ፍላሽ» ብዬ ብጽፍ ምንም አላመጣም። ለካ ስሙን «ተነቃይ የመረጃ ማከማቻ» ብለውታል። በዚህ ክልል ቀርቶ በመላ አገሩ ፍላሽን እንዲህ ብሎ የሚጠራ አንድ ሰው ካለ ያምጡልኝ! ብቻዬን ሳቅሁ። ግን ቅጹ ላይ «ደካማ ጎን» የሚለው ጋ ስደርስ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ደካማ ጎን የጻፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁ፤ አብራራ ይባላል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ውስጥ እሱ ራሱ ይገባል። የሠሩት ልጆችም ለፍተውበታል ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። በስልክ ከፍቼ አላየሁትም። እኔ ራሴ ከቢሮ ስወጣ ሁሉን ነገር የማየው በስልክ ሆኖ ሳለ፣ ግምገማ የቢሮ ሥራ ነውና በቢሮ ማሽን ሠራሁት።

ወዲያው ለመምህራን ሥልጠና ሲሰጥ ማይኩን ተቀብዬ፣ «ከእንግዲህ ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት እዚያ እዩ። ሁሉም ነገር አለበት» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት መምህርት ከመንጌ በኩል መጣች። የአንደኛ ክፍል ልጆችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በበርትኛ የምታስተምር ናት። ልጆቹ የሚያነቡት አንድ ስስ መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሽማግሌዎች ተረት ስትሰበስብ እንደቆየች በሥልጠናው ላይ ነግራኝ ነበር። በስልኳ ትቀዳለች፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ትተይባለች፣ ስልኩ ሲሞላባት ድምፁን ታጠፋለች። ተረቶቹ ያሉት ፍላሿ ላይ ብቻ ነው። ኅትመት ሊገቡ ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ ፍላሹን አስቀመጠች።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ቫይረስ ነበረው። አሁን ጸዳ። ግን ተረቶቹ የሉም።»

አስገባሁት። ውስጡ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ብቻ ነበር።

«ፎርማት አድርገሽ ሁሉን ጠርገሽዋል እንዴ?»

«ድረ ገጹ እንዳለው አደረግሁ። ወላሂ፣ አንድም አልዘለልኩም።»

እዚህ አካባቢ በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቃል። በሁለት ደቂቃ ነበር የማወጣላት! ጮኽኩባት። «ታዲያ ለምን መጀመሪያ ወደ እኔ አላመጣሽውም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳላስቸግርህ ነው። ‹መጀመሪያ እዚያ እዩ› አላልክም?»

«እስኪ ገጹን አሳዪኝ» አልኳት።

ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተችልኝ። ቀዩን ሳጥን ፈለግሁት፤ የለም። አንደኛ፣ ፍላሹን ይሰኩ። ሁለተኛ፣ ፎርማት የሚለውን ይጫኑ። ሦስተኛ፣ እሺ ይበሉ። አራተኛ፣ መሥራቱን ለማረጋገጥ ትልቅ ፋይል ይጫኑበት። የእህቷን ሠርግ የጫነችው ለዚህ ነበር። ከዚያ «ይህ ገጽ ጠቅሞዎታል?» የሚል ጥያቄ፤ «አዎ» ብላበታለች። ፍላሹ ተከፍቶላት ነበራ! አሁንም በጣቴ ወደ ታች ገፋሁ፣ ገፋሁ፤ ከሁሉ ሥር ቀዩ ሳጥን ተገኘ። «ማሳሰቢያ፦ ይህን ከማድረግዎ በፊት መረጃዎን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።» በትልቁ ስክሪን በስተቀኝ የነበረው ሳጥን በስልክ ሲከፈት ቦታ አጥቶ ታች ወርዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። እዚህ ክልል ከመቶ መምህር ትልቅ ስክሪን ያለው ስንቱ ነው? የሠሩት ሰዎች ይህን አላወቁም ልበል፤ እኔስ?

ሁለት ቀን የጠፋውን በሚፈልግ ፕሮግራም ፍላሹን አበጠርኩት። ግማሽ ሲደርስ መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። መካከል ላይ ለበላይ መሥሪያ ቤት ደውዬ ግምገማዬን ላርም እፈልጋለሁ አልኩ። «ግምገማው ተጠቃልሏል» አለችኝ የመለሰችልኝ ሴት፤ «ደግሞ ደካማ ጎን የለም ብለው ፈርመዋል እኮ።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀምኩት። የተናደድኩት በእሷ እንዳልሆነ ግን አውቄዋለሁ።

ብዙዎቹ ተረቶች የፋይል ስማቸውን አጥተው፣ አካላቸው ደህና ሆኖ ተመለሱ። ሦስቱ ግን የሠርጉ ቪዲዮ በላያቸው ላይ ተጽፎባቸው ቀሩ።

በማግስቱ ስትመጣ የተገኙትን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት፤ ሦስቱ እንደቀሩም ነገርኳት። ሁለቱን የነገሯት ሰዎች አሉ፣ ተመልሳ ትጠይቃቸዋለች። የሦስተኛው ባለቤት ግን ባለፈው ክረምት የሞቱ ሽማግሌ ናቸው።

«እስኪ ከማስታውሰው ልጻፍ» አለችና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። በፍጥነት ጀመረች፣ እየተየበች ፈገግ ትላለች፣ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ሳቀች። ገጹ ሊሞላ ሲል ጣቶቿ ቆሙ። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ወደ ኋላ ተመልሳ የጻፈችውን አነበበች፣ እንደገና ቆመች። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞር ብላ በበርትኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አሶሳ ነው፤ ትምህርቴንም፣ ትዳሬንም፣ ሥራዬንም ያገኘሁት እዚሁ። ከበርትኛ የማውቀው ሰላምታና የማንጎ ዋጋ ነው። አልገባኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይቅርታ» አለችኝ፣ አፍራ፤ «ለካ አንተ በርትኛ አትሰማም።»