የዶላሞ ምርጥ ዘር

ዶላሞ ከጂንካ በላይ ዳገቱ ላይ የሚያርስ የአሪ ገበሬ ነበር። ቀን ቀን ዓይኑ የጭልፊት ነው፤ ማዶ የምትግጥ ፍየል የማን እንደሆነች ይነግርሃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን የገዛ ደጁን ዳብሶ ይገባል። አገሬው ዳፍንት ይለዋል። የዳፍንት መድኃኒቱ ጉበት ነው ተባለና ፍየሎቹ ተራ በተራ ታረዱ። ጉበቱን እሱ በላ፣ ሥጋውን ጎረቤት በላ። ዓይኑ እንደነበረ ቀረ፤ ጎረቤት ግን ወዛ። ሰፊው ሕዝብ ከዶላሞ በሽታ የተጠቀመው እንዲህ ነው።

ለራሱስ ለምዶት ነበር። የደነገጠው ልጁ አስካል አመሻሽ ላይ ውሃ ተሸክማ ስትመለስ፣ ደጃፍ የተጋደመ ግንድ አልታይ ብሏት የወደቀች ዕለት ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት አንድ የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጂንካ ወረደ። ዶላሞ ልጁን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ የሁለቱንም ዓይን በመብራት ውስጥ ውስጡን አየ።

«እናትህስ ማታ ታይ ነበር?»

«እናቴ? እሷንማ በዱላ ነበር የምንመራት።»

ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ገበር በአባትም በልጅም እየሞተ፣ ጥቁር ጠቃጠቆ እያወጣ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ለጤና ጣቢያው ድሬሰር ለነጋሽ በእንግሊዝኛ ተነተነለት። ለባለ ዓይኑ የደረሰችው ይህች ብቻ ናት፦ «የዘር ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ ጉበቱንም ተወው።» ሳይንስ ሥራዋን ጨርሳ በአየር ተመለሰች።

ዶላሞ አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ እዚያ ዘር ማለት የሚዘራ ነው። የሚዘራው በቆሎ ደግሞ ከእናቱ የወረሰው ነበር። እሷም በልታዋለች፣ እሱም፣ አስካልም። ገባው! በቆሎውን አውጥቶ አቃጠለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር፤ ግን የገበሬ ማኅበሩ ያንኑ በቆሎ ፍሬው አማረን ብሎ፣ «ምርጥ ዘር» በሚል ስም ለአባላቱ አድሎት ኖሯል። ዶላሞ ደግ ሰው ነውና ቤት ለቤት እየዞረ «አትዝሩት፣ ልጆቻችሁን ያሳውራል» አለ። መንደሩ ዘሩን እየደፋ መጣ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ዳርጌ ስብሰባ ጠራ። «አሻጥረኛ ተገኝቷል!» ሲል ጮኸ።

ነጋሽ እያላበው ተነሣ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሐኪሙ ዘር ያለው የትውልዱን ነው። ከእናቱ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ልጁ የወረደ። በቆሎው ንጹሕ ነው።»

ዳርጌ አሰበ። ያልለመደው ሥራ ስለሆነ ጊዜ ወሰደበት። «ዘር መቁጠር የፊውዳል ጠባይ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ለዛሬ ግን ተፈቅዷል። ዶላሞ፣ በሽታው ከእኔ ነው እንጂ ከበቆሎው አይደለም በልና ወደ ቤትህ ግባ።»

ዶላሞ ወደ ድሬሰሩ ዞረ። «ነጋሽ፣ እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

አስካል ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ታየዋለች።

«በቆሎ ከሆነ እንጥለዋለን፣ ልጄም ትድናለች» አለ ዶላሞ። «እኔ ከሆንኩ ግን፣ እኔን ከሷ ውስጥ ማን አውጥቶ ይጥለኛል?»

«አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል እኮ ናት!» አለው ነጋሽ።

«በቆሎው ነው።»

ተጨበጨበ፤ ምን ይጠፋል፣ ጭብጨባ አይዘራ አይታጨድ። ዶላሞ ወህኒ ወረደ።

ሲፈታ የቀኑም ብርሃን ጠቦበት፣ ዓለምን በቀዳዳ ነበር የሚያያት። አስካል አድጋ ጠበቀችው። ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አሁንስ ማታ ታያለሽ?»

«አያለሁ፣ አባ። በቆሎ ከተውኩ ወዲህ ደኅና ነኝ።»

«አላልኳቸውም!» አለ ደስ ብሎት።

ፀሐይዋ ጠለቀች። አንዱም ተነሥቶ ሌላውን ወደ ቤት አላስገባም።