እናቴ ጀርባ ላይ የነበረው ቦታ

ትናንት ስለ አንጎል ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ብግነት ሕፃን አንጎል ላይ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ማስረዳት ስለምወድ ወዲያው ጠመኔ አነሳሁ።

«በሚያድግ አንጎል ውስጥ የመከላከያ ሴሎች አሉ። ጀርም ይዋጋሉ፤ በነርቭ ሴሎች መካከል ከተዘረጉት ግንኙነቶችም የማያስፈልጉትን ይመለምላሉ፣ አትክልተኛ ቅርንጫፍ እንደሚመለምል። ብግነት፣ ማለትም በሕመም የሚመጣ መቆጣትና እብጠት፣ ሲነሳ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎችን በብዛት ይለቃሉ። መልእክቱ ሲበዛ ሥራው ሊዛባ፣ ነርቮቹም ሊጎዱ ይችላሉ።»

ተማሪዎቹ ጻፉ። እኔ ግን እህቴን ሰሚራን አሰብኩና ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሰሚራ በጨቅላነቷ የአንጎልን ሽፋን የሚያስቆጣው ማጅራት ገትር ይዟት ለጥቂት ተረፈች። እኩዮቿ አፍ ሲፈቱ እሷ ዝም አለች። ሐኪሙ፣ «ልትናገር ትችላለች፣ ላትናገርም ትችላለች፤ ብቻ አናግሯት» አለ። እናቴ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም ትሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሚራን አዝላ ትመዝናለች፣ አዝላ ከገዢ ጋር ትከራከራለች። ያ ጀርባ ከሰሚራ በፊት የእኔ ነበር። ቦንቦሊኖ ሲገዛ እንኳ ለስላሳው መሀል ለእሷ፣ የደረቀው ጠርዝ ለእኔ ሆነ።

ስለዚህ እኔ ላናግራት ወሰንኩ። የመጀመሪያ ቃሏ ከእኔ ከሆነ እናቴ ወደ እኔ ዞር ትላለች ብዬ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቅመሙን በተርታ እደረድርና፣ «ኮረሪማ። እርድ። ጥቁር አዝሙድ። በይ እንጂ!» እላታለሁ። ሰሚራ ታነጥሳለች።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከአማኑኤል የሚመጡት ደንበኛችን እትዬ ብርቄ ኮረሪማ አስመዘኑ። መርካቶ ውስጥ ከሚዛኑ በኋላ አንድ እፍኝ ምርቃት ያልጨመረ፣ ነጋዴ አይባልም። እናቴ ግን ሐሳብ ገብቷት ነበርና ምርቃቱን ሳትጨምር ላስቲኩን ቋጠረች። እትዬ ብርቄ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከእናቴ ጀርባ አንድ ጎርናና ድምፅ መጣ።

«ጨምሪ!»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ብርቄ። «ልጅሽ ለእኔ ቆመችልኝ!»

እናቴ አንገቷን ወደ ጀርባዋ አዞረች። «ምን አልሽ የኔ እናት?»

«ጨምሪ!»

እናቴ እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ኮረሪማውን በእፍኝ በእፍኝ ትጨምር ጀመር።

«ኧረ ይበቃል! ሱቁን ልታስረክቢኝ ነው እንዴ?»

«ይውሰዱ እትዬ፣ ዛሬስ ይውሰዱ!»

«እኔ ያስተማርኳት ቃል እኮ አይደለም» አልኩ። የሰማኝ የለም። ለካ እኔ ስደረድር፣ ሰሚራ እዚያ ጀርባ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ የገበያውን ክርክርና ሳቅ ስትማር ኖራለች።

ያ የገበያ ጨዋታ የተጎዳውን አንጎሏን ጠግኖላት ይሁን፣ ቃሉ በራሱ ጊዜ መጥቶ ይሁን፣ እኔ መምህርቷም አላውቅም። ትናንት ከክፍል እንደወጣሁ ሱቁ ሄድኩ። ሚዛኑ ዛሬ የሰሚራ ነው፤ ወሬዋም አያልቅም። የጎበጠችው እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ የሰሚራን ትከሻ ተደግፋለች። በርበሬ አስመዘንኩና፣ «ጨምሪ!» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ይበቃሻል?» አለች እናቴ። ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ያየችው ሰሚራን ነው።

ስለ አንጎል ብዙ ማስረዳት እችላለሁ። እናቴ ጀርባ ላይ የነበረኝን ቦታ ግን አሁንም እፈልገዋለሁ።