ወደ ሐጂ ኢድሪስ ገበታ የመለስኩት ዘላቢያ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ግን እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው አንሥቼ ላስረዳ።

በዚያ የረሃብ ዘመን ከጎንደር ቆላ ተሰድጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ስገባ ገና ለጋ መምህር ነበርኩ። ቀን በመጠለያው ለስደተኛ ልጆች ፊደልና ጤና አጠባበቅ አስተምራለሁ፤ ማታ ከሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ጀርባ አድራለሁ። ሐጂ የአገሬ ሰው፣ የሰሊጥ ነጋዴና የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እያሉ ያለ እኔ ገበታ አይቀርቡም። ሃይማኖታችን ስለሚለያይ ሥጋ አንጋራም፤ ስለዚህ አክብሮታቸውን በጣፋጭ ይገልጡልኝ ነበር፤ በዘይት ተጠብሶ ስኳር በተነሰነሰበት ዘላቢያ።

አንድ ቀን ከሐኪም ሲመለሱ፣ «ጉበትህ ስብ ይዟል አለኝ። ኧረ መምህር፣ ጉበትም እንደ በግ ላት ይሰባል?» አሉኝ።

ማስረዳት ነፍሴ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጉበቱ ስብ ከያዘ፣ ስኳሩ ካልተገታ፣ ሆዱ እየገፋ ከሄደ፣ ተቀምጦ ከዋለ፣ የደም ግፊት ከታከለበት፣ ጉበቱ ሳያመው ቀስ በቀስ ጠባሳ እያወጣ ይደርቃል አልኳቸው። ትክክል ነበርኩ። ሐጂም አመኑኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ራታቸው ጥቂት ፉል ሆነ። እሳቸው እጃቸውን ሲሰበስቡ እኔም እሰበስባለሁ፤ ባለቤቱ የተወውን እንግዳ እንዴት ይብላ?

ተራብኩ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንኳ የዘላቢያው ሽታ ይመጣብኛል። አንድ ማታ አፌን ከፈትኩ።

«ሐጂ፣ እርስዎ እኮ መጠጥ በአፍዎ ዞሮ አያውቅም። ይህ የጉበት ስብ የሰካራም በሽታ ነው።»

«ወላሂ?»

«እውነቴን ነው።»

ሳቁ። «ዘሃራ!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ፤ «ዘላቢያውን አምጪ፣ መምህሩ ጾሜን አስፈታኝ!»

እኔ ነኝ ያልኩት። መጠጥ እንደሚያባብሰው፣ ያልጠጣም ሰው ግን ከበሽታው እንደማያመልጥ እያወቅሁ እኔው አልኩት። በላን። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ከዚያች ማታ ወዲያ ዘላቢያው ከገበታችን አልተለየም።

ገዳሪፍን ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል። ዘሃራ የዘላቢያውን ሳሕን አቀረበችልኝ። እሳቸው መጉረስ አቅቷቸዋል።

«ብላ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ብቻህን እንዳትሆን እኔ አይሃለሁ።»

እያዩኝ በላሁ። ያኔም አልነገርኳቸውም። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ረሃብ ነው ልበል? ከእኔ የባሰ የተራቡ ተማሪዎቼ እኮ የታደሉትን ብስኩት ለታናናሾቻቸው ይቋጥሩ ነበር። ባልናገርስ ኖሮ ይተርፉ ነበር? ዛሬም ገበታ ስቀርብ «ና፣ ቅመስ» የሚለው ድምፃቸው ይናፍቀኛል፤ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ቦታ እያየሁ እጄን እሰበስባለሁ። ሁሉን አስረዳለሁ፤ ይህን ለምን እንዳደረግሁ ግን ማስረዳት አልችልም።